የእትዬ ጥብቅ ሹሩባ

እትዬ ጥብቅን በዚህ ቅጽል ስም የማይጠራቸው የሰፈር ሰው የለም። የሠሩት ሹሩባ ወር ቢቆይ አንዲት ዘለላ አይፈታም። ከእጃቸው የተነሣች ሴት ግን ቅንድቧ ወደ ላይ ተወጥሮ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የሰማችው ሁሉ የሚያስደነግጣት ትመስላለች።

አንድ ጠዋት የፀጉር ቅባት ሊገዙ ሱቅ ጎራ ቢሉ፣ በልጅነቷ ፀጉሯን ይሠሯት የነበረችና አሁን የፀጉር ሥራ አስተማሪ የሆነች ወጣት አገኙ። ተቃቅፈው ተሳሳሙ።

«ቅባቱ ለማን ነው፣ እትዬ?»

«ለልጄ ነዋ! የግንባሯ ዳርና ዳር ፀጉር ሳሳባት። ይረዝም እንደሆነ ብዬ ከወትሮው አጥብቄ ብሠራው ጭራሽ ባሰበት።»

አስተማሪዋ ክው አለች። «ሲሳሳ አጠበቁት?»

«ታዲያ ልተወው? ካልሳቡት በምን ይረዝማል? ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ እኮ!»

«እስቲ ጣትዎን ከዓይንዎ ጎን ያድርጉና ጥርስዎን ግጥም ያድርጉ።»

«ውይ! ተንቀሳቀሰ።»

«ጡንቻ ነው፤ ፀጉር ግን ከእሱ አይበቅልም። አሁን ደግሞ አናትዎን ገፋ ያድርጉት፤ ቆዳው አጥንቱ ላይ ይንሸራተታል አይደል? ፀጉር የሚበቅለው እዚያ ቆዳ ውስጥ ካለው ሥሩ ነው። ቢስቡት ሥሩ ይጎዳል እንጂ አይረዝምም። የግንባር ዳር ፀጉር ደግሞ ስስ ስለሆነ ቀድሞ ይሄዳል።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ልታስተምሪ ነው? ሐሳብ ነው የጨረሳት፤ የትምህርት ቤት ፈተና ደርሶባታል።»

«መሐል አናቷስ ሳስቷል?»

«የለም፣ ዳር ዳሩን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሐሳብ ዳር ዳሩን መርጦ ይነቅላል፣ እትዬ?»

 የእትዬ እጅ ሳያውቁት ወደ ሻሻቸው ሄደ። ሻሹ የሸፈነውን ገላጣ ግንባር ሃያ ዓመት ሙሉ በወሊድ ሲያሳብቡ ኖረዋል።

«የእኔስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ቆዳው ለስልሶ ካብረቀረቀ ሥሩ ጠፍቷል፤ አልዋሽዎትም። የልጅዎ ግን ቶሎ ከተዉት ሊመለስ ይችላል። ፈትተው ጥቂት ወራት ያሳርፉት፤ ከዚያ ላላና ወፈር አድርገው ይሥሩላት። ቆዳው ከቆሰለ ደግሞ ሐኪም ይየው እንጂ ቅባት አይለቅልቁበት።»

«ሹሩባውን ካላላሁስ ደንበኛ አይሸሸኝም?»

«የሚሸሽ ይኖራል። የልጅዎ ፀጉር ይብሳል ወይስ የደንበኛ መሸሽ?»

የኖሩበትን ሙያ ተሳስቻለሁ ማለት ይከብዳል፤ የተጎዳችው የገዛ ልጅ ስትሆን ደግሞ አንጀት ይበላል። እትዬ ጥብቅ ግን ቆርጠው ከተነሡ የሚመልሳቸው የለም። ቅባቱን ለባለ ሱቁ መልሰው በቀጥታ ቤታቸው ገቡ፤ ያን ዕለት የልጃቸውን ሹሩባ አንድ በአንድ ፈቱ።

ለደንበኞቻቸውም አላልተው መሥራት ሲጀምሩ፣ ሁለቱ «እጃቸው ደከመ» ብለው ሄዱ። የቀሩት ግን ከተሠሩ በኋላ ይይዛቸው የነበረው ራስ ምታት ተዋቸው፤ ሌሊት በጎናቸው መተኛት ቻሉ፤ ቆዳቸውን በደንብ መታጠብ ስለቻሉም የራሳቸው ማሳከክ ቀነሰላቸው።

በአምስተኛው ወር የልጅቷ ግንባር ዳር ለጋ ፀጉር አወጣ። እናትየው ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው ጎረቤት ጠርተው አሳዩ። ከዚያም ሹሩባዋን ከፈቱት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሠሯት አስቀመጧት። ልጅቷ እንደለመደችው ትከሻዋን ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ብዙ ቆየች።

«እማዬ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?»

«ጨርሻለሁ እኮ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ጥብቅ፤ እንባቸው መጣ።