ተጠንቶ የተሰጠ መልስ

የሙታን መቃብር በሚጠረግበት በዓል ዋዜማ የገጠሩ ባቡር ውስጥ መቆሚያ ቦታ እንኳ አይገኝም። በአያቴ መቃብር ላይ እንደ ልማዳችን የሚቃጠለውን ወረቀት ታቅፌ በሰው መሐል ስጋፋ፣ አንድ አንገተ ወፍራም ሽማግሌ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ጭናቸው ላይ ካርቶን ወተትና አንድ ከረጢት ፖም ነበር።

«ትንሹ ሉ! ያ የጥያቄው ልጅ አይደለህም እንዴ? ና፣ እዚህች ጋ ሽጉጥ በል። እኚህ ወፍራም ሴትዮ ትንሽ ከተጠጉልን አንተን የመሰለ ቀጫጫ አያቅተንም።»

«ወፍራምስ ራስዎ» አሉ ሴትዮዋ፤ ግን ተጠጉልኝ።

አሰልጣኝ ሻኦ ናቸው። የሴቶች ክብደት አንሺዎችን ሲያሠለጥኑ ጸጉራቸው ሸብቷል። ባለፈው ዓመት እኔና የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ አሰልጣኞች ስፖርተኞቻቸውን እንዴት እንደሚይዙ፣ የስፖርተኞቹም የአእምሮ ጤና በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለመለካት በየቡድኑ ስንዞር፣ የእርሳቸውም አዳራሽ ደርሰን ነበር። በመጠይቃችን ከክፍለ ሀገሩ ቡድኖች ሁሉ የተሻለ ውጤት ያገኘው የእርሳቸው ነበር።

«ወዴት ነው ጉዞው፣ አሰልጣኝ?»

«ዩሊያንን ልመልስ። ያቺ ረጅሟ፣ ታስታውሳታለህ። አገር አቀፉ ውድድር ደርሷል፣ እሷ እናቷ ጉያ ተሸጉጣለች።» ከእግራቸው ሥር ካለው ሻንጣ የክብደት ማንሻ ጫማ አውጥተው አሳዩኝ። «ጫማዋን ይዤላታለሁ። ስታየው ደሟ ይፈላል።»

«ምን ሆና ነው የሄደችው?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብረት ጣቶቿን ጨፈለቃት። ልጆቹ ደግሞ ሆን ብላ ነው የለቀቀችው ይላሉ። ዕረፍት ፈልጋ! እንዲህ ያለ ስንፍና ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ከዚያ በፊት ዕረፍት ጠይቃዎት ነበር?»

«ጠይቃለች። ‹ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ አይከደንም፣ ደረቴን ያፍነኛል› አለችኝ። ‹ብረቱን አቅፈሽ ተኚ፣ እሱ ባል ይሆንሻል› አልኳት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።»

«እሷም ሳቀች?»

«ሳቀች...» ጫማውን ወደ ሻንጣው መለሱት። «መሰለኝ።»

«እኛ ስንጠይቃት እንቅልፌ በጣም ጥሩ ነው ነበር ያለችው።»

«ሁሉም እንደዚያ አይደል ያሉት!» ፊታቸው በራ። «እኔ ነኛ ያስጠናኋቸው! ስለ አሰልጣኙ ሲጠየቅ ትልቁን ቁጥር ምረጡ፣ ስለ ጭንቀት ሲጠየቅ ትንሹን አልኳቸው። እንግዳ ሲመጣ ግቢ አይጠረግም እንዴ? የቤትን ጉድ ለጎረቤት አውጥቶ የሚያሳይ ማን አለ?»

እኚህን ሰው ክፉ ናቸው ለማለት ያስቸግራል። ከበላይ የመጣ ጠያቂ ሁሉ ተቆጣጣሪ ነው፤ ለተቆጣጣሪ የሚሰጥ መልስ ደግሞ የቡድኑ ክብር ነው። እንዲህ ተብለው አድገዋል። የኛን መለኪያም እንደ አንድ ውድድር ቆጥረው አሸንፈውታል። ያሸነፉት ግን ማንን እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም ነበርና፣ ነገርኳቸው።

«አሰልጣኝ፣ የስፖርት ቢሮው ለቡድኖቹ አንዲት የአእምሮ ሐኪም ቀጥሮ ነበር። የት ትመደብ ሲባል ውጤቱን ተመለከቱ። የልጆቹ መልስ ከልክ በላይ ተመሳስሏል ብለን ጽፈን ነበር፤ ነገር ግን የምሥራች የሚጠላ አለቃ የለም። ሐኪሟ ታመምን ወዳሉት ሄደች። እርስዎ ዘንድ ያልመጣችው ልጆችዎ ጤነኞች ነን ስላሉ ነው።»

አሰልጣኝ ሻኦ አንድ ፖም አውጥተው በእጅጌያቸው ይወለውሉ ጀመር፤ አልበሉትም።

«ስማ» አሉ፣ «እኔን ያሠለጠኑኝ ሟቹ አሰልጣኝ ፓንግ በቀርከሃ እየገረፉ ነው ሰው ያደረጉኝ። መራራ ያልዋጠ ከሰው በላይ አይሆንም። እናንተ ግን ለሁሉም ነገር የበሽታ ስም ታወጡለታላችሁ።»

«እንግዲያው እርስዎን ልለካዎት ይፈቅዱልኛል? ስለ አሰልጣኝ ፓንግ ነው የምጠይቅዎ።»

«ለካኝ! ምን እንዳይመጣብኝ!»

«ሲቸግርዎት ያዳምጡዎት ነበር?»

«ሁልጊዜ!»

«ሲሳሳቱ በሰው ፊት ያዋርዱዎት ነበር?»

«በጭራሽ!»

«አሁን በቀርከሃ ይገርፉኝ ነበር አላሉም?»

ሴትዮዋ ፍርስ ብለው ሳቁ። አሰልጣኙ ግን ፖሙን ወደ ከረጢቱ መለሱት።

«አሰልጣኝ፣ እኚያ ሰው ሞተዋል» አልኩ ቀስ ብዬ። «እዚህ ያለነው እኔና እኚህ እናት ነን። ማንን ፈርተው ነው?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በየኮረብታው ከመቃብሩ ላይ ጢስ ይነሣል።

«ዡ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ» አሉ። «ከእኔ ይበረታ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ወንዙ ሄደ፤ የተመለሰው ሬሳው ነው። አሰልጣኝ ፓንግ ‹ደካማ ነበር› አሉ፤ እኛም በአንድ ድምፅ ‹ደካማ ነበር› አልን። መቃብሩን ማን እንደሚጠርግለት አላውቅም።»

የምንወርድበት ጣቢያ አንድ ነበርና አብረኸኝ ካልሄድክ አሉኝ።

የዩሊያን አባት አሰልጣኙን ሲያዩ ወገባቸው እስኪታጠፍ እጅ ነሡ። «አሳፈረችዎት፣ አሰልጣኝ! ይውሰዷት፣ ይምቷትም ከፈለጉ። ነይ ውጪ አንቺ! ተንበርክከሽ ይቅርታ ጠይቂ!»

ዩሊያን ወጣች። በፋሻ የተጠቀለለ እጇን በሌላኛው እጇ ይዛለች። ከፋሻው የወጡት የጣቶቿ ጫፎች ተጣመዋል፤ ብረት መጨበጥ ቀርቶ ማንኪያ መያዛቸውንም ተጠራጠርኩ። ለመንበርከክ ዝቅ ስትል አሰልጣኙ ክንዷን ያዙ።

«ተይ፣ ልጄ። የመጣሁት ልጠይቅሽ ነው። እንቅልፍሽ እንዴት ነው?»

ቀጥ ብላ ቆመች። «በጣም ጥሩ ነው፣ አሰልጣኝ!»

«ጭንቀቱስ?»

«ምንም የለም፣ አሰልጣኝ!»

አዳራሹ ውስጥ ለእኛ እንደመለሰችው፣ ድምፁም ፍጥነቱም ያው። ሽማግሌው በር ላይ በነበረች የእንጨት ዱካ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ፤ አንድ ሰው ከኋላ የመታቸው ይመስል ነበር። ጫማው ያለበትን ሻንጣ በእግራቸው ገፍተው ከዱካዋ ሥር አስገቡት።

«ያንን መልስ ያስጠናሁሽ እኔ ነኝ» አሉ። «ተሳስቼ ነው ያስጠናሁሽ። ልወስድሽም አልመጣሁም። ትንሹ ሉ፣ እኛ እንውጣ። እኔ ባለሁበት አትናገርም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የማናስበው በሽታው እንዲደበቅ የሚያደርገው ማን እንደሆነ ነው። አሰልጣኝም ይሁን አባት ወይም አስተማሪ፣ ልጆቹ ሲጠየቁ ከክፍሉ ይውጣ፤ ስማቸው አይጻፍ፤ «ደከመኝ» ያለችው አይሣቅባት። አሰልጣኝ ሻኦ ዛሬ እንደዚህ ያደርጋሉ። በመጠይቁ የቡድናቸው ውጤት ከክፍለ ሀገሩ መጨረሻ ሆኗል፤ ስለዚህም ሐኪሟ መጥታላቸዋለች። ሁለት ልጆች ከመሰበራቸው በፊት ዕረፍት ወሰዱ። ሜዳልያው አልቀነሰም፤ ቢቀንስስ?

ይህ ሁሉ ግን ለዩሊያን ጣቶች አልደረሰም። ያን ቀን ከበሩ ልንወጣ ስንል ከኋላችን ድምፅ ሰማን፤ በጣም ቀስ ያለ፣ ያልተጠና።

«አሰልጣኝ... አልተኛም።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ሳይመልሱ ቆሙ።

«እየሰማሁሽ ነው» አሉ።