ከኬላ የመጣች ዝንብ

ጠዋት፣ በወሎ ቆላ መንደር፤ የኬላው የፍራፍሬ ተቆጣጣሪ የኑስ ሠራተኞቹን መንገድ ላይ አቁሞ፣ የማንጎ ማሳቸው በር ላይ ተቀምጠው መግቢያ ከዘጉበት ከእናቱ ጎረቤት ከእትዬ ዘምዘም ጋር ይነጋገራል።

ዘምዘም፦ አልነሳም አልኩህ። ከፈለግህ ረግጠኸኝ እለፍ።

የኑስ፦ እትዬ ዘምዘም፣ አያስቸግሩኝ እንጂ። ትናንት ከዛፍዎ የቆረጥኩት ማንጎ ውስጥ ትሉን አብረን አይተናል።

ዘምዘም፦ አይቻለሁ። ባንድ ማንጎ ትል ተገኘ ተብሎ የአሥራ አራት ዛፍ ፍሬ ይራገፋል?

የኑስ፦ ትሉን የምትፈለፍለው የፍራፍሬ ዝንብ አገሩን ከማዳረሷ በፊት የበሰለውም ጥሬውም ረግፎ መቀበር አለበት። ከተዛመተች ለከርሞ በዚህ መንደር ማንጎ የሚባል አይኖርም።

ዘምዘም፦ ለከርሞ ትለኛለህ? ዘንድሮን በምን ልሻገረው? ማሽላዬ በድርቅ ነዷል። የቀረኝ ይኸው ነው።

የኑስ፦ ይገባኛል።

ዘምዘም፦ አይገባህም። ባሌ ከሞተ ጀምሮ እነዚህን ዛፎች ከወንዝ በጀሪካን እያመላለስኩ ነው ያጠጣኋቸው። አንተ ያኔ በአጥሬ እየሾለክህ ማንጎዬን ትሰርቅ ነበር።

የኑስ፦ እሱን አልክድም።

ዘምዘም፦ ለመሆኑ ዝንቧ ኬላውን በምን አለፈች? መታወቂያ አሳይታ?

የኑስ፦ እንቁላልና ትል ሆና በፍሬ ውስጥ ተደብቃ ነው የምትጓዘው። ለዚህም ነው ትል ያለበትን ጭነት የምንወርሰው።

ዘምዘም፦ የወረሳችሁትንስ?

የኑስ፦ ይቀበራል።

ዘምዘም፦ ዓይን ዓይኔን እያየህ ድገመው።

የኑስ፦ እሱን ሌላ ቀን እናንሳው።

ዘምዘም፦ ዛሬ ነው የሚነሳው። በየጁምዓው ባጃጅ እናትህ ግቢ የሚያራግፈው ጆንያ ምንድን ነው? ከላሞቿ የተረፈው ማንጎ አጥሬ ሥር ሲበሰብስ አላይም ብለህ ነው?

የኑስ፦ እናቴ ናት እኮ። «የአላህን ሲሳይ አፈር ውስጥ ትከታለህ? ግፍ ነው» ብላ አለቀሰችብኝ። እኔም ከብት ከበላው ማንን ይጎዳል አልኩ።

ዘምዘም፦ እኔን ጎዳ። የእሷን ዛፎች መረመርክ?

የኑስ፦ አልመረመርኩም።

ዘምዘም፦ ለምን?

የኑስ፦ ፈራኋት።

ዘምዘም፦ እኔን ግን አልፈራህም፤ ባል የለኝማ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

የኑስ፦ እንዲህ አይበሉኝ። አለቆቼ ይህን ከሰሙ ሥራዬ አበቃ።

ዘምዘም፦ የእኔ ማንጎ ሲያበቃ ሕግ፣ ያንተ ሥራ ሲያበቃ ገመና። በጣም ነው ያናደድከኝ፣ የኑስ። እጄ ላይ ያደግህ ልጅ ነህ።

የኑስ፦ ምን ላድርግ? ይንገሩኝ።

ዘምዘም፦ ትሉን ባይኔ አይቻለሁ፤ የጎረቤቶቼን ዛፍ አላስበላም። የእኔን ታራግፋለህ። ግን መጀመሪያ የእናትህ ይርገፍ፤ አጥር ሥር የበሰበሰውም አንድ ሳይቀር ተለቅሞ ይቀበር። ሰዎችህን ወደዚያ አዙራቸው።

የኑስ፦ ትረግመኛለች እኮ።

ዘምዘም፦ ከረገመችህ ነገ ገብቼ አስታርቅሃለሁ። አሁን ግን ቅደም፤ እኔ ከኋላህ ነኝ።