ቀቅለው ያጡት ስብ

ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ፣ በሕንድ ፑኔ ከተማ ከምርምር ተቋማችን በር ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ፕሮፌሰር ፋታክና ተማሪያቸው ምሪንማዪ ሲከራከሩ ደረስኩ። ፋታክ ስለ ነጭ የደም ሕዋስ ያስተማሩን አንጋፋ ናቸው። ልጅቷ የዶክትሬት ሥራዋን ነገ ለጉባኤ ታቀርባለች፤ እሳቸው ካልፈረሙላት ሥራው ይዘጋና ባዶ እጇን ወደ ትውልድ ከተማዋ ሳንግሊ ትመለሳለች።

"ና አንተ ጠበኛ፣ ተቀመጥ" አሉኝ። "ይህች ልጅ የምታጠናው ፕሮቲን ስብ ተጣብቆበታል ትለኛለች። ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ፤ የለበትም።"

"ሰር፣ ይፍቀዱልኝና፣ ከመፈተሽዎ በፊት ምን ያደርጉታል?" አለች።

"በዚያ የበሰበሰ እንቁላል በሚሸተው ፈሳሽ እቀቅለዋለኋ። መምህሬም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት።"

"እሱን ነው የምለው። ስቡን ከፕሮቲኑ ጋር ያያያዘችው ማሰሪያ ደካማ ናት፤ ፈሳሹና ሙቀቱ ይፈቷታል። ሰር፣ ሳህኑን በፈላ ውሃ አጥበው ሲያበቁ ቅቤ አልነበረበትም እያሉኝ ነው።"

ሽማግሌው ሳቁ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ልማድ ነጭ ጋዋን ሲለብስ ሳይንስ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው የለም።

"መምህርዎ ስላደረጉት እውነት ይሆናል?" አልኳቸው።

"አንተ ሻይህን ጠጣ" አሉኝና ወደ እሷ ዞሩ። "እሺ፣ አለው እንበል። ምን ይፈይድለታል?"

ምሪንማዪ ቫዳ ፓቭ፣ የተጠበሰ ድንች በዳቦ፣ የበላችበትን ወረቀት አነሳች። ዘይቱ ወረቀቱን አርሶታል። "የሕዋስ ሽፋን እንደዚህ ቅባት ነው። ፕሮቲኑ ስቡን ሲለብስ እዚያ ይጣበቃል፤ በር ላይ የቆመው ተቀባይ ጠላት ሲያይ፣ ፕሮቲኑ ከጎኑ ሆኖ መልእክቱን ይረከበዋል። ስቡ የሚጣበቅበትን መያዣ ስለውጥበት ፕሮቲኑ ወደ ውስጥ ይንሳፈፋል። በሩ ይንኳኳል፣ የሚሰማ የለም።"

"የሚያጣብቀውስ ማነው?"

"ሕዋሱ ራሱ ነው፣ ሰር። የሚለጥፍም የሚያነሳም ኢንዛይም አለው። እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ይጠቀምበታል።"

ፋታክ ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ንግግር አላጣሽም። ናሙናውን በራሴ እጅ ካልከፈልኩ ግን አልፈርምም።"

ወደ ቤተ ሙከራው ገባን። የሚያበራ ምልክት ያለበት ስብ ከተመገቡት ሕዋሶች የወጣውን ፕሮቲን ራሳቸው ለሁለት ከፈሉት፤ ግማሹን እንደ ልማዳቸው ቀቀሉ፣ ሌላውን እሷ እንዳለችው ያለዚያ ፈሳሽ ለብ አደረጉ። ፕሮቲኖቹን በየመስመራቸው የሚለየውን ስስ ጄል ከምሳ በኋላ ስናየው፣ የተቀቀለው መስመር ጨለማ ነበር። ያልተቀቀለው ያበራል።

"ቆሻሻ ቢሆንስ?" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ለስልሶ ነበር።

"ቀጥሎ ያለውን ይዩት፣ ሰር። መያዣውን የለወጥኩበት ነው። ሳይቀቀልም አያበራም።"

ጎንበስ ብለው ሁለቱን መስመሮች አስተያዩ። ከዚያ "ስቡን የሚለጥፈውን ኢንዛይም መግታት ከተቻለ፣ የገዛ አካሉን የሚወጋውን ነጭ ሕዋስ ማረጋጋት ይቻል ይሆናል" አሉ።

"የሚያነሳውን ከገታን ደግሞ ካንሰር ፊት ያንቀላፋውን መቀስቀስ፣ ሰር። ገና ተስፋ ነው።"

"ተስፋውን ነው እየቀቀልን ስንደፋ የኖርነው" አልኩ። በዚህ ጊዜ ዝም በል አላሉኝም።

ፈረሙላት። የመቀቀያውን ምድጃ በእጃቸው ካጠፉ በኋላ ስልካቸውን አወጡ።

"ማን ጋ ሊደውሉ ነው፣ ሰር?" አለች።

"ከአንቺ በፊት ስቡን አይቻለሁ ያለኝ አንድ ተማሪ ነበር። ቆሻሻ ነው ብዬ አሰናበትኩት። ናግፑር መድኃኒት ቤት ከፍቷል አሉ።" ቁጥሩን እየፈለጉ ቀና አሉ። "ያነሳልኝ ይመስልሻል?"