የተሸነፉት ጎረቤታችን

የቀድሞው ፕሬዚዳንት በምርጫ ተሸንፈው፣ «አልሄድም» ብለው ሰባት ሳምንት አስጨንቀውን፣ በመጨረሻ በአውሮፕላን ተሳፍረው ከጋምቢያ በወጡ በሦስተኛው ቀን ወደ ብሪካማ መናኸሪያ ወረድኩ። ጦርነት ይነሳል ብለው ወደ ሴኔጋል ከሸሹት መካከል እህቴ ትገኛለች፤ እሷን ልቀበል ነው የሄድኩት። ከየመኪናው ጣሪያ ላይ ፍራሽ ይወርዳል፣ ድስት ይወርዳል፣ ፍየል ሳይቀር ይወርዳል። ሰው ይተቃቀፋል፣ ያለቅሳል፣ ይስቃል። «ሃያ ሁለት ዓመት የገዛንን ሰው በብርጭቆ ብይ አወረድነው!» እየተባለ ሲጮህ እኔም ለመምህር በማይገባ ድምፅ አብሬ እጮህ ነበር። በአገራችን ድምፅ የሚሰጠው ብይ ወደ መረጡት ዕጩ በርሜል በመጣል ነው፤ ብይዋ ስትገባ ደወል ይጮኻል።

በዚህ ሁሉ መሃል የእህቴን መኪና ስጠብቅ፣ አንድ መኪና ላይ ብቻ ዕቃ ሲጫን አየሁ። ቀረብ ስል ባለዕቃው ጎረቤቴ፣ ሁላችንም «ፓ»፣ አባባ፣ የምንላቸው አንሱማና ጊባ ናቸው። ፓ አንሱማና አናጢ ናቸው፤ ከሰፈራችን ሰው ግማሹ የሚተኛው እሳቸው በሠሩት አልጋ ላይ ነው። አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው ሲሬ ደብተሮቿን በፌስታል ይዛ ቆማለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የማስተምራት እኔ ነኝ፤ ለመልቀቂያ ፈተናዋ የቀራት ሦስት ወር ነው።

«ፓ አንሱማና፣ ሰው ሁሉ ሲመጣ እርስዎ ወዴት ነው?»

«ሴኔጋል ተሻግሬ ዚጊንሾር፣ ወንድሜ ዘንድ። ለጥቂት ጊዜ ነው መምህር።»

«ለጥቂት ጊዜ ለሚሄድ ሰው መጋዝና መላጊያ ምን ይሠራል?»

ፓ አንሱማና ፊታቸውን ወደ ጫኞቹ አዞሩ። ሲሬ ግን ቀስ ብላ፣ «መምህር፣ እዚያ ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ነው። እኔ ከሰላምታ በላይ አንድ ቃል አላውቅም» አለች።

«አንቺ ዝም በይ!» አሏት።

እኔ ግን ዝም ማለት አልፈጠረብኝም፤ ባለቤቴም ዘወትር የምትወቅሰኝ በዚሁ ነው።

«ማን ነካዎት ፓ? ከምን ነው የሚሸሹት?»

«እስኪነኩኝ ልጠብቅ እንዴ? ስሜ ጊባ ነው፤ በጎሳ ጆላ ነኝ። የወረደውም ሰውዬ ጆላ ነው። አባቴ ሲያወራን፣ በእነሱ ጊዜ አለቃ ሲወድቅ ወገኑ በሙሉ ጫካ ነበር የሚያድረው።»

«የዚያን ጊዜ አለቃ የሚመጣው በጦር፣ የሚሄደውም በጦር ነበር። ይሄኛው የተሸነፈው በብይ ነው። አስመራጭ ሆኜ ብይዋን በእጅዎ ያስያዝኩዎት እኔው አይደለሁም እንዴ? ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ፣ ደወሉ ጮኸ፣ ወጡ። በየትኛው በርሜል ውስጥ እንደጣሏት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሁሉም በርሜል ደወል ድምፁ አንድ ነው።»

«ስሜን የሚያውቅ ሁሉ በርሜሌን ያውቃል።»

«እሺ፣ ለሰውዬው ሰጡ እንበል። ስንቆጥርም እዚያው ነበርኩ። የሁሉም ዕጩዎች ወኪሎች አፍጥጠው እያዩ፣ ለተሸነፈው የተጣለችው እያንዳንዷ ብይ ተቆጥራ ተጽፋለች። አንዷንም ሜዳ ላይ አልወረወርናትም። ታዲያ ይሄ ከአገር ያስወጣል? ነገ ደግሞ እኔ የመረጥኩት ይሸነፋል፤ ያን ጊዜ እኔም ፍራሼን ልጫን?»

ፈገግ ሊሉ ሲሉ ተዉት። «አንተማ አሸንፈሃል፤ አፍህ ምን ቸገረው» አሉኝ። «ዲቦር ደጄ ድረስ መጥታ ያለችኝን ሰምተሃል።»

ሰምቻለሁ። ዲቦር ጆፍ ዓሣ ሻጭ ናት፤ ከፓ አንሱማና ጋር አንድ አጥር ተጋርተው ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። እሷ ሴሬር ናት። ጆላና ሴሬር ደግሞ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን «ሎሌዬ» እያለ ቢሰድበው መቆጣት ነውር ነው፣ የቀልድ ዘመድ የለመነውን መከልከልም ነውር ነው። እሁድ ጠዋት ዲቦር የድስት ክዳን እየመታች፣ መንገዱን በጭፈራ ሞልታ መጣችና ፓ አንሱማና ደጅ ስትደርስ፣ «አንተ ሎሌ! ጌታህ ሄዷል፤ ዕቃህን ጫንና ተከተለው!» አለች። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ፓ አንሱማና በራቸውን ዘጉ። ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬም፣ ለሶላት ሊታጠቡ የገቡ መሰለኝ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ራሷ ዲቦር የዓሣ ቅርፊት የተለጠፈበት ሽርጧን እንዳሸረጠች እየሮጠች ደረሰች። ለካ ሲሬ ደውላላት ኖሯል። ዲቦር ማንንም ሰላም ሳትል ገና ያልተጫነው ፍራሽ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ሎሌዬ ያለ እኔ ፈቃድ ንቅንቅ አይልም!»

ጫኞቹ ሳቁ።

«ተነሺ» አሏት ፓ አንሱማና።

«አልነሳም። ለምኜሃለሁ፣ ተመለስ።»

«አልመለስም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። የቀልድ ዘመዱ ለምኖት እምቢ ያለ ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ሹፌሩ እንኳ ገመዱን እንደያዘ ቀረ።

«ምን ነካህ አንሱማና? ሠላሳ ዓመት ስሰድብህ ኖሬ የለ? ሚስትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ባኮረፈችህ ቁጥር ‹ዕቃህን ጫን› እልህ አልነበር? አብረኸኝ ትስቅ ነበር እኮ።»

«ያን ጊዜ ቆሜ ነበር የምሰማሽ። አሁን ወድቄ ነው የሰማሁሽ።»

እዚህ ላይ እውነቱ የእሳቸው ነበር። ቀልድ ቀልድ የሚሆነው ሁለቱም እኩል ሲቆሙ ነው። እኛ አሸናፊዎች ደስታችን ዓይናችንን ሸፍኖት፣ በመስኮት በኩል ማን በፍርሃት እንደሚያየን ዞር ብለን አላየንም። ይህን የጻፍኩት በሚቀጥለው ምርጫ የሚያሸንፉ ሰዎች እንዲጠነቀቁ ነው፤ ማን እንደሚሆኑ ደግሞ ከአሁኑ የሚያውቅ የለም።

ዲቦር ከፍራሹ ተነሳች። ድምፅዋ ተለወጠ።

«በአንተ ላይ የጨፈርኩ መሰለህ? ለምቢሳን ነው የጨፈርኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የወንድሜን ስም መንገድ ላይ ጮክ ብዬ መጥራት ፈርቼ ኖርኩ፤ እሁድ ዕለት ጠራሁት። ደጅህ ላይ ያልኩትን ማለት አልነበረብኝም፤ ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በለኝ።»

ምቢሳን ዓሣ አጥማጅ ነበር። የጀልባ ነዳጅ ተወደደ ብሎ በአደባባይ በተናገረ በሳምንቱ የፕሬዚዳንቱ ታጣቂዎች ከሚኖርበት ከዲቦር ቤት ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

«እኔ በሌለሁበት እሱን ሲወስዱት ሰፈሩ ሁሉ መስኮቱን ዘጋ። ይሄ መምህርም ዘግቷል» አለች ወደ እኔ እያመለከተች። እውነት ነው፤ ዘግቻለሁ። «በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ መጋዝህን ይዘህ መጥተህ፣ የሰበሩትን በር የሠራህልኝ አንተ ነህ። አሁን ሰው የጠፋበት ሁሉ አዲሱ መንግሥት ዘንድ ቀርቦ መናገር ይችላል እየተባለ ነው። እኔ ማንን ይዤ ልቅረብ? ያንን በር ያየህ አንተ ብቻ ነህ።»

ፓ አንሱማና የመሣሪያ ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡ።

«በሩን ብቻ አይደለም ያየሁት» አሉ። «በአጥሩ ቀዳዳ ሁሉንም አይቻለሁ። አራት ነበሩ። በሩን በእርግጫ የሰበረውን አውቀዋለሁ፤ አልጋ ሠርቼለታለሁ። ቤቱ ድረስ ወስጄ የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ይህን እያወቅሁ አሥራ አንድ ዓመት ዝም አልኩሽ። ይህን እያወቅሁ ብይዬን ለሰውዬው ጣልኩ። ድሮ የጆላ ልጅ ከተማ የምትፈለገው ለቤት ሠራተኝነት ብቻ ነበር፤ በእሱ ጊዜ ቀና አልን፣ ሲሬም ተማረች ብዬ ነው የጣልኩት። መምህሩ ‹ፈርተው ነው የሚሸሹት› ይላል። ፍርሃትስ ነበረ፤ ግን የሚያስኬደኝ እፍረት ነው። ዓይንሽን እያየሁ እንዴት ልኑር?»

ሲሬ ታለቅሳለች።

«ያን ጊዜ ነግረኸኝ ቢሆን…» ብላ ጀመረች ዲቦር፤ አልጨረሰችውም። ከዚያ፣ «ተቆጥቻለሁ አንሱማና፤ በጣም ተቆጥቻለሁ። ግን ድንበር ተሻግረህ ከተቀመጥክ ማንን ልቆጣ? እዚሁ ሁንና ልቆጣህ። እዚሁ ሁንና ተናገር» አለችው።

«ብናገር የእኔ ሰዎች ከሃዲ ይሉኛል። የእናንተ ሰዎች ደግሞ ‹እስከ ዛሬ የት ነበርክ› ይሉኛል።»

«ይበሉ!» አልኩ እኔ። «ፓ፣ እርስዎ ከሄዱ ነገሩ የጆላና የሴሬር ጠብ ሆኖ ይቀራል። ጊባ የሚባል፣ ለተሸነፈው ድምፁን የሰጠ ሰው ቆሞ ‹ይህን ያደረገው እገሌ ነው› ካለ ግን ማንም በቀል ነው ሊል አይችልም። ጥፋቱ የአድራጊው ይሆናል፣ ወገንዎም ነፃ ይወጣል። ሰው የወደደውን መርጦ፣ ያየውን ተናግሮ፣ ቤቱ የሚያድርበት አገር ይኑረን ብለን አይደለም እንዴ ያን ሁሉ ሰዓት ተሰልፈን የዋልነው?»

«ተናግሮ ቤቱ እንደሚያድር በምን አወቅህ?»

«ገና አላወቅሁም። እርስዎ ሲናገሩ ግን አጠገብዎ ነኝ፤ መጥተው ቢያንኳኩም በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። መስኮት መዝጋት ይበቃኛል።»

አስተዋሉኝ። ከዚያ ሲሬን አዩ፤ ደብተሮቿን እቅፍ አድርጋ ይዛለች። ወደ ሹፌሩ ዞሩ።

«አውርድልኝ ልጄ።»

«ዛሬስ ሥራዬ ማውረድ ብቻ ሆነ!» አለ ሹፌሩ፤ ቢሆንም ገመዱን ፈታ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ላሳጥረው። እህቴ በሰላም ገባች። ሲሬ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ከሦስት ወር በኋላም በለመደችው በእንግሊዝኛ ተፈተነች፣ አለፈችም። የሰፈራችን ጆላዎች ፓ አንሱማና ሱቃቸውን መክፈታቸውን አይተው ያሰሩትን ጓዝ ፈቱ። እኛም አሸነፍን ያልነው ሰዎች ማሸነፍ ማለት የተሸነፈውን ጎረቤት ይዞ መኖር እንደሆነ፣ ዘግይተንም ቢሆን፣ ገባን። አገር በአንድ ቀን ምርጫ አይለወጥም፤ ምርጫው በሩን ይከፍታል፣ ገብቶ መናገር ግን የሰው ፈንታ ነው።

መናኸሪያው ውስጥ ግን ገና አልጨረስንም ነበር። ፓ አንሱማና ሳጥናቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ «መምህር፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ ጻፍልኝ» አሉኝ። ሲሬ ደብተርና ብዕር ሰጠችኝ። ቀኑን ነገሩኝ፣ ሰዓቱን፣ የመኪናውን ቀለም፣ አልጋ የሠሩለትን ሰው ስምና ቤቱን። ዲቦር ቆማ ታዳምጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጠቻቸው።

«ምቢሳን ምን ለብሶ ነበር?»

«ሸሚዙን ለመልበስ ጊዜ አልሰጡትም። በእጁ ይዞት ነበር።»

ዲቦር በሽርጧ ዓይኗን ጠረገችና «ቀጥል» አለችው።

ሲጨርሱ ብዕሩን አነሳሁ። «ፓ፣ ስምዎን ልጻፈው ወይስ ለጊዜው ይቆይ?»

«ጻፈው» አሉ። «አንሱማና ብለህ ብቻ እንዳታቆም። ጊባ በል።»