የገባውን የወጣውን ለምትለካው እትዬ

ወገኖቼ፣ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛት ነርሳችን እትዬ ወደ ክፍላችን የመጣች ቀን በሽተኛ ከማየቷ በፊት ኩባያዎቻችንን ሁሉ ሰብስባ፣ ውሃ እየሞላች መለኪያ ጆግ ውስጥ ስትገለብጥ ተገኘች። "ይሄ ስንት ይይዛል?" ብላ የያኔዋን አለቃችንን ጠየቀቻት። "አንድ ኩባያ ነዋ" አለቻት። እትዬ አልሳቀችም። እኛ ግን እስከ ዛሬ እንስቃለን።

ታውቋታላችሁ መቼም፣ በሽተኛ የጠጣውንና የሸናውን ሁሉ ለክታ ነው የምትጽፈው። በሽተኛው "ትንሽ ጠጥቻለሁ" ካላት አለቀለት። "ትንሽ የሚባል መለኪያ የለኝም፣ የኔ ጌታ" ትለዋለች። ስብሰባ ላይ እንኳ ዶክተራችንን "ሦስተኛ ሻይዎ ነው፣ እስካሁን ለሽንት አልወጡም" ብላዋለች። እሱም ለካ ጨንቆት ኖሯል፣ ወዲያው ተነስቶ ወጣ።

አሁን ቀልዱን ልተወው። አባቴ እዚሁ እኛ ክፍል ተኝቶ ሳለ ፈቃድ ወስጄ የማስታምመው እኔ ነበርኩ። ኩባያው ሁልጊዜ ባዶ ነው፣ ሽንቱ ግን ጠብ አይልም። ኩላሊቱ ደክሟል ተባለ። እኔም ተስፋ ቆረጥኩ። እትዬ ምላሱን አየች፣ ደርቋል። መስኮቱ ሥር ያለውን የአበባ አፈር በጣቷ ነካ አደረገች፣ ጭቃ ሆኗል። "ሂጂ ፎጣ አምጪልኝ" አለችኝ። ወጣሁ።

የተባባሉትን የሰማሁት ኋላ ከራሱ ከአባቴ ነው።

"አባባ፣ ውሃውን ለምን ይደፉታል?"

"ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል። የምትቀበለኝ ደግሞ ልጄ ናት። በምን ዓይኔ አያታለሁ?"

የሰው ሁሉ ሽንት ስለካ የምውል ሰው ነኝ፤ አባቴ ግን ከኔ አፍሮ በውሃ ጥም ሊሞትብኝ ነበር። እሷ አልተቆጣችውም። "እንግዲያው የሽንቱን ነገር ሁለታችን እንጨርሰዋለን፣ እሷን እኔ አርቅልዎታለሁ" አለችው። ከዚያ ወዲህ ፎጣ አምጪ፣ አንሶላ አምጪ እየተባልኩ ስመላለስ ሰነበትኩ። ምን ነካት እያልኩ በሆዴ አማኋት። አባቴ ግን ጠጣ፣ ሽንቱም መጣ፣ ድኖ በእግሩ ወጣ።

እትዬ፣ ክብሩን ጠብቀሽ ነፍሱን አትርፈሽልኛል። እግዜር ይስጥልኝ። ጡረታሽ የጤናና እንቅልፍ የሚጠገብበት ይሁንልሽ፣ የቆምሽበት እግርሽም ይረፍ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሽኝትሽ እንደምመጣ ለአባቴ ነገርኩት። አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀዳኝና ፊቴ ጭልጥ አደረጋት። "ይሄን ንገሪያት" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ክንዱን ሰጠኝና፣ "በይ፣ ልጄ፣ ሽንት ቤት አድርሺኝ" አለኝ።

ብርጭቋችሁን አንሡ። ለእትዬ።