ያልተቀበልኩት ወላሂ

ከጎረቤቴ ከሰይድ ጋር አንድ አሮጌ የውሃ መሳቢያ ሞተር በጋራ አለን፤ በተራ እናጠጣበታለን። እሱ አጠጥቶ ባስረከበኝ ማግስት ላስነሳው ብል፣ ትንሽ ይሄድና ይጠፋል። ሽንኩርቴ ደግሞ ጠውልጓል። «ናፍጣው ላይ ምን ጨመርክበት?» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ወላሂ፣ አያ ሙሄ፣ ምንም አልጨመርኩም» አለኝ። «ወላሂህን ለራስህ ያዘው» አልኩት። እኛ ዘንድ ወላሂ ላለ ሰው መሐላው አይመለስበትም፤ እኔ መለስኩበት። ሰይድ ባጃጅ ተሳፍሮ ሄዶ ከቆቦ መካኒክ ይዞ መጣ።

መካኒኩ ናፍጣ የሚገፋውን ፖምፓ ፈታና በሽቦ ቢጎረጉረው፣ አረንጓዴ ክር እየተጎተተ ወጣ። «ይሄን ሞተር ጨርቅ ታበሉታላችሁ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ከእሱ ሌላ የሳቀ የለም። ሁሉም ጀሪካኑ ላይ የተሰጣችውን አረንጓዴ የሽርጥ ቅዳጄን ያያል። ቆሻሻ እንዳይገባ እያልኩ ናፍጣ የማጠልለው በእሷ ነው፤ አርጅታ ክሯ መርገፉን ልብ አላልኩም። ፖምፓው ታጥቦ ተገጠመ፣ ሞተሩም ተነሳ። «አፉ በለኝ ሰይዶ» አልኩት። «አፉ ብያለሁ» አለኝ ወዲያው።

ከዚያ ወዲህ ግን ተራው በደረሰ ቁጥር ናፍጣውን ሳይከፍት ይጠራኛል። «አያ ሙሄ፣ ና እስቲ፣ እያየህ ልሙላ» ይላል፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። እሄድና አጠገቡ እቆማለሁ። የማየው ግን መሬቱን ነው።