ያዘነበለው ሞተር ሳይክል

ከአራት ኪሎ ወደ የካ በምትሄደው ውይይት ታክሲ ውስጥ አንዲት እናትና እጁ በግራሶ የጠቆረ መካኒክ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እናትየዋ የሞተር ዘይት ጣሳ ታቅፈዋል።

«እማማ፣ ዘይቱ ለምንድን ነው?» አላቸው መካኒኩ።

«ለልጄ ሞተር ሳይክል። ሲዘምት አደራ ብሎኛል። በየወሩ እለካለሁ፣ በየወሩ እንደጎደለ ነው፤ ጥቂት እጨምርበታለሁ።»

«ማን እየነዳው?»

«ማን ይነዳዋል? ግቢ ቆሞ ነው።»

«ሲለኩት እንዴት ነው የሚቆመው?»

«በጎን እግሩ፣ አዘንብሎ።»

«እሱ ነዋ! ሲያዘንብል ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ መለኪያው ጎደለ ይላል። እርስዎ እኮ አጥለቀለቁት።»

«ውይ! ገደልኩት በለኛ!»

«አይሞትም። ትርፉን ከታች ማፍሰስ ነው። ከዚያ ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይያዝ። መለኪያውን ጠርገው መልሰው ይክተቱት፤ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ ጠብታ አይጨምሩ።»

«ቀጥ አድርጎ የሚይዝልኝስ? ብቻዬን ነኝ።»

«ልጅዎ ደብዳቤ ይጽፋል?»

«ዘንድሮ አልጻፈም።»

መካኒኩ ጣሳውን ተቀበላቸው።

«የካ ሚካኤል ወራጅ አለ!» አሉ እናትየዋ፤ መካኒኩም አብሯቸው ተነሳ።

«ሰፈርህ እዚህ ነው እንዴ?»

«አይደለም። እኔ እይዛለሁ፣ እርስዎ ይለካሉ።»

ሁለቱ ወርደው ዳገቱን ሲጀምሩ፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን የራሴን የውትድርና መጥሪያ በልብሴ ላይ ዳሰስኩት።